የዓይን ብሌን በሃምሳ ዶላር

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 መጨረሻ በናይሮቢ ረዣዥም ሰልፎች ታይተው ነበር። ተሰላፊዎቹ የሚጠብቁት ዳቦ ወይም ቪዛ አልነበረም። ኳስ በሚመስል ካሜራ የዓይናቸውን ብሌን አስነስተው፣ በወቅቱ 50 ዶላር ገደማ የሚያወጣ ወርልድኮይን የተባለ ዲጂታል ገንዘብ ለመቀበል ነበር። ከመሥራቾቹ አንዱ የኦፕንኤአይ ኃላፊ ሳም አልትማን የሆኑበት ይህ ፕሮጀክት ዓላማዬ ሰውን ከማሽን መለየት ነው ይላል። የኬንያ መንግሥት ግን በኦገስት 2023 ምዝገባውን አገደ።

በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1904 የማሳይ መሪዎች ከእንግሊዞች ጋር ውል ፈርመው ከስምጥ ሸለቆ የግጦሽ መሬታቸው ተነሥተዋል። በምትኩ ከተሰጣቸው ስፍራ አንዱ ላይኪፒያ ሲሆን፣ ለዘለቄታው የእነሱ እንደሚሆን ቃል ተገብቶላቸው ነበር። ይሁንና በ1911 በሌላ ውል ከዚያም እንዲለቁ ተደረገ። በ1913 ፍርድ ቤት ቢሄዱም አልተሳካላቸውም።

ሁለቱን ምን ያገናኛቸዋል? ኒክ ኩልድሪ እና ኡሊሴስ መኺያስ የተባሉ ምሁራን በ2019 ባሳተሙት መጽሐፍ ነገሩን “የመረጃ ቅኝ አገዛዝ” ብለውታል። የጥንቱ ቅኝ ገዢ መሬቱን ባለቤት እንደሌለው ቆጥሮ ወሰደ፤ የዛሬው ኩባንያ ደግሞ የሰውን ውሎ፣ ወዳጅነትና መልክ እንደ ጥሬ ዕቃ ይሰበስባል። ጥሬ ዕቃው ከዚህ ይሄዳል፤ ትርፉ ሌላ ቦታ ይቀራል። የጉግልና የፌስቡክ እናት ኩባንያዎች አብዛኛውን ገቢያቸውን የሚያገኙት በዚህ መረጃ ከሚታገዝ ማስታወቂያ ነው።

በእርግጥ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ዛሬ ጦርና ጅራፍ የለም፤ ሰው የሚመዘገበው በፈቃዱ ነው። ጥያቄው ያለው ግን እዚሁ ላይ ነው። ምን እንደሚሰጥ በቅጡ ያልተነገረውና ሃምሳ ዶላሩ ያስፈለገው ሰው ፈቃድ ምን ያህል ፈቃድ ነው?

የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሜይ 2025 ለዚህ መልስ ሰጥቷል። በገንዘብ ማባበያ የተገኘ ስምምነት ሕጋዊ እንዳልሆነ ገልጾ የተሰበሰበው መረጃ በሰባት ቀናት ውስጥ እንዲሰረዝ አዘዘ። ማሳዮች ያጡትን ፍርድ የልጅ ልጆቻቸው ዘመን አገኘው ማለት ይቻላል።

እኛም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን። ኬንያን የጠቀማት ግን ሕግ መኖሩ ብቻ ሳይሆን ሕጉን ይዞ ፍርድ ቤት የሚቆም ዜጋ መኖሩ ነው። “እስማማለሁ” የሚለውን ቁልፍ በቀን ስንት ጊዜ፣ ምኑን አንብበን እንደምንጫን ብናስብ አይከፋም።