በመዶሻ የሚጠነክር ጉትቻ

ጉትቻ ለመሥራት ወርቅ ቤት መክፈት አያስፈልግም። ጥቂት የመዳብ ሽቦ፣ ፒንሳ፣ ሞረድ፣ ፊቱ የለሰለሰ መዶሻና ከጋራዥ የተጣለ ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት ካሉ፣ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለችው ቡሹሎ፣ ከቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ መጀመር ይቻላል። ብየዳ የለበትም፣ ወናፍም አይፈልግም። ሽቦው ይጠመዘዛል፣ ይቀጠቀጣል፣ ከጆሮ ላይ ይንጠለጠላል።

ይህን ያህል ቀላል ከሆነ በየቤቱ ያልተለመደው ለምንድን ነው? መልሱ ያለው በእጅ ሥራ ላይ በነበረን አመለካከት ውስጥ ይመስለኛል። በሲዳማ ብረት ሠሪዎቹ ቱንቲቾ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ ሐዲቾ፣ ቆዳ ፋቂዎቹ አዋቾ ይባላሉ፤ ከሌላው ጋር በጋብቻ እንዳይገናኙ ሲከለከሉ ኖረዋል። በሰሜኑም አንጥረኛው ቡዳ ነው እየተባለ ይፈራና ይገለል ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ሥር ስለ ሰደደ ነው። የተናቀው ሰው ያበጀውን ጌጥ ግን ባላባቱም ገበሬውም ያጌጥበት ነበር። 1780 የሚል ዓመት የታተመበት፣ 28 ግራም ያህል የሚመዝነው የማርትሬዛ ብር እየቀለጠ መስቀል፣ አልቦ፣ አምባርና ጉትቻ ሆኗል። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ በጥቂት ቤተሰቦች ውስጥ ሲተላለፍ ቆየ፤ ሌላው ሰው ገዝቶ ከማድረግ በቀር መዶሻውን አልነካም።

ሽቦ ይህን አጥር የሚያልፍበት መንገድ አለው፤ ማቅለጥ አይጠይቅምና። ኬንያ ውስጥ እንግሊዞች የባቡር ሐዲድ ሲዘረጉ የናንዲ ሰዎች የቴሌግራፉን ሽቦ እየቆረጡ ጌጥ አድርገውታል። ከሽቦ ውጭም የተጣለ ነገር ጌጥ ይሆናል፤ የቦረና ሴቶች የአንገት ጌጥ ከድስት አሉሚኒየም የተሠራ ዶቃ አለበት። አዲስ አበባ ላይ እንጦጦ ቤት አርቲዛን በተባለው ድርጅት የሚሠሩ ሴቶች ከጥይት ቀለህ ጌጣጌጥ ያወጣሉ፤ ቀለሁ ባብዛኛው 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ የሆነ ናስ ነው።

ለጀማሪ የሚሻለው መዳብ ነው። ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ባለ 2.5 ወይም ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የቤት መስመር ሽቦ በሜትር ይገዛል፤ ውስጡ አንድ ወጥ የሆነው እንጂ ብዙ ቀጫጭን ክር የተጎነጎነበት አይሆንም። ባለ 2.5 የሚባለው ልባሱ ሲገፈፍ ውፍረቱ 1.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለአንድ ጉትቻ 15 ሳንቲ ሜትር ቢቆረጥ 3.4 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ይህ ለጆሮ ቀላል ነው፣ አንድ ሜትሩም ሦስት ጥንድ ይወጣዋል። የፕላስቲኩን ልባስ በቢላ መግፈፍ እንጂ በእሳት ማቃጠል አይገባም። ጭሱ መርዛማ ነው፤ ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ደግሞ ይበልጥ ያሰጋል። ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ የተቆራረጠ ኬብል መግዛትም ሌብነትን ማበረታታት ነው፤ የሚቆጠበው ገንዘብ ትንሽ፣ የሚጠፋው መስመር ግን የሰፈር ነው።

የጥንዱ ሁለት ሽቦዎች እኩል ይቆረጣሉ። ጫፋቸው በሞረድ ይለሰልሳል፤ ከዚያ ሁለቱም በአንድ ዕቃ ላይ፣ ለምሳሌ በባትሪ ድንጋይ ላይ፣ ይጠመዘዛሉ። መለኪያው አንድ ከሆነ ጥንዱ ይመሳሰላል። ቀጥሎ ብረቱ ላይ አጋድሞ መቀጥቀጥ ነው። የመዶሻው ፊት ላይ ያለ ጭረት ሁሉ በመዳቡ ላይ ይታተማል፤ ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት መዶሻው ራሱ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ድቡልቡል ራስ ያለው መዶሻ ትንንሽ ጉድጓድ ያበጃል፤ ብርሃን ሲያርፍበት የሚያብለጨልጨው እሱ ነው። አንድ ቦታ ላይ በኃይል ከመደብደብ ይልቅ በቀላሉ፣ በተከታታይ፣ ዙሪያውን መሄድ ይሻላል። ሽቦ በሽቦ ላይ የተሻገረበት ቦታ ግን አይመታም፤ ይሳሳና ይበጠሳል።

የሚደንቀኝ ነገር የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሲጀመር በጣት የሚታጠፈው መዳብ እየተመታ ሲሄድ አልታጠፍ ይላል፤ ድምፁም ከድፍን ወደ ጥርት ያለ ይለወጣል። በመዳቡ ውስጥ በረድፍ የተደረደሩት አተሞች በምቱ ይንሸራተታሉ፤ መንሸራተቱ ሲበዛ እርስ በርሱ ተጠላልፎ የሚቀጥለውን መንሸራተት ይገታል። ጉትቻው ቅርጹን ይዞ የሚኖረው በዚህ ነው። ምቱ ከልክ ካለፈ ግን ይሰነጠቃል። ያኔ ከሰል ምድጃ ላይ፣ ጥላ ውስጥ ሲያዩት ደብዘዝ ብሎ እስኪቀላ ድረስ ይሞቃል፤ ሙቀቱ እንደገና ያለሰልሰዋል፣ ውኃ ውስጥ ቢነከርም ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ማጭድ የሚሠራበት ብረት ግሎ ውኃ ውስጥ ሲገባ ይጠነክራል፤ መዳብ ግን አይጠነክርም። እሳቱ ያጠቆረውን ሎሚና ጨው ያነጣዋል። ናስ ከሆነ እሳቱ እንዳይበዛ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ከልክ በላይ ሲሞቅ የዚንክ ጭስ ይወጣዋል። የመጨረሻው ምት ግን ሁልጊዜ ከእሳት በኋላ ነው፤ ለስላሳ ሆኖ የቀረ ጉትቻ ልብስ በነካው ቁጥር ይጣመማል።

በዚሁ መንገድ አሜሪካዊው ቀራጺ አሌክሳንደር ካልደር ናስና ብር ሽቦ እየጠመዘዘና እየቀጠቀጠ ያለ ብየዳ ወደ 1,800 የሚጠጉ ጌጦች ሠርቷል። የሥነ ጥበብ ሰብሳቢዋ ፔጊ ጉገንሃይም በ1942 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ ማሳያዋን ስትከፍት በአንድ ጆሮዋ የእሱን፣ በሌላው የሠዓሊው ኢቭ ታንጊን ጉትቻ አድርጋ ነበር። የካልደር መሣሪያ ከላይ ከተዘረዘረው ብዙም አይበልጥም። ልዩነቱ መስመሩን ከመጠምዘዙ በፊት ማሰቡ ነበር፤ እኔም ለጀማሪ የምመክረው ሽቦ ከመቁረጧ በፊት ቅርጹን በወረቀት ላይ እንድትሥል ነው።

ጆሮ ውስጥ የሚገባው ማንጠልጠያ ለብቻው ይታሰብበት። 0.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብር ሽቦ ይስማማል። መዳብ በላብ አረንጓዴ ቀለም ይተዋል፤ ኒኬል ያለበት ርካሽ ማንጠልጠያ ደግሞ ብዙ ሰው ላይ ማሳከክና ቁስል ያመጣል። ጫፉ በሞረድ ክብ ሆኖ፣ በጣት ተዳስሶ ካልወጋ ብቻ ለሰው ይሰጥ።

ገበያውም ሩቅ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ ሲከበር ሐዋሳ ጉዱማሌ ላይ የሚሰበሰበው ሕዝብ በባህል ልብስና በጌጥ ደምቆ ይወጣል። ለዚያ የሚሠራ ሰው ሳምንታት አስቀድሞ ይጀምር። የተጠናቀቀው ጥንድ በስስ የንብ ሰም ይታሽ፤ አለዚያ እስኪሸጥ ድረስ ይጠቁራል።