ያረጀ ፒካፕ መኪናን ተሳቢ እንዲጎትት ስለ ማዘጋጀት

በመከር ወራት የመውቂያ መሣሪያን ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው፣ እህልንም ከአውድማ ወደ ጎተራ ማጓጓዝ የግድ ነው። ለዚህ ሥራ ትራክተር መግዛት የማይቻላቸው ብዙዎች ስለ ሆኑ፣ በግቢ ቆሞ የሚዝገውን አሮጌ ፒካፕ ወደ ጋራዥ ልከው መጎተቻ ማስደረግ የማይቀር ሐሳብ ነው። በጥበብ የተሠራ እንደ ሆነ ነገሩ መልካም ነው። ዳሩ ግን ባለቤቱ ገንዘቡን ሁሉ በሞተሩ ላይ ሊያፈስ ይከጅላል፤ ሰውን ለአደጋ የሚያጋልጠው ግን ከሞተር ማነስ ይልቅ የፍሬን ማነስ ነው። ስለዚህ የዞንና የወረዳ አስተዳዳሪዎች፣ ሰፊ እርሻም የያዙ ሰዎች፣ ሥራውን ከማዘዛቸው አስቀድሞ ከዚህ በታች ያለውን ቢመለከቱ ይጠቅማቸዋል።

አሮጌ መኪናን ለጉተታ ማዋል ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በአሜሪካ አገር በቴነሲ ግዛት በቻታኑጋ ከተማ ባለ ጋራዥ የነበረው ኧርነስት ሆምስ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1916 ዓመት፣ በ1913 በተሠራ ካዲላክ መኪና ላይ ሦስት ምሰሶና መዘውር ተክሎ የተበላሹ መኪናዎችን የሚያነሣ መሣሪያ ሠራ። ሰንሰለቱን ያያዘው ከሻንሲው ጋር ነበር። የሥራው ሁሉ መሠረት ይኸው ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ የሚመረመረው ሻንሲው ነው። መካኒኩ ጭቃውን አጥቦ፣ ከኋላ ጎማዎች በላይ ያለውን ክፍል በትንሽ መዶሻ እየመታ ድምፁን ያዳምጥ። ጤነኛ ብረት ይጮኻል፤ ዝገት የበላው ግን እንደ ተሰነጠቀ ገንቦ የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። መዶሻው ብረቱን የሚያጎደጉደው ከሆነ ያን መኪና ለጉተታ ማሰብ ይቅር። ሻንሲው ደኅና የሆነ እንደ ሆነ የመጎተቻው ብረት በግራና በቀኝ ክንዶቹ ላይ ወደ ፊት ረዘም ብሎ በብሎን ይታሰር፤ ከኋላ መከላከያው ጋር ብቻ ማያያዝ ከንቱ ነው። ቀዳዳውም በሻንሲው ቋሚ ጎን ይበሳ እንጂ በላይኛውና በታችኛው ከንፈር አይበሳ፤ ጫናው በብዛት የሚያርፈው በከንፈሮቹ ላይ ነውና። ብሎኑ በራሱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር የተቀረጸበት ይሁን። በያጁ ሻንሲውን ከላይ እስከ ታች አቋርጦ ለመበየድ ቢፈልግ አይፈቀድለት፤ ብየዳው ያማረ ቢመስልም ብረቱ የሚሰነጠቀው ከዚያው ከስፌቱ አጠገብ ነው።

ለባሌስትራው አንድ ቅጠል መጨመር የመኪናው ኋላ እንዳይሰምጥ ይረዳል። ነገር ግን የአክስሉን፣ የኩሽኔታውንና የጎማውን አቅም አይጨምርም፤ ፋብሪካው የወሰነው የጉተታ ልክ ቅጠል ከተጨመረም በኋላ ያው ነው።

ስለ ሞተሩ ብዙ መናገር አያሻም። በየገጠሩ የሚታየው ባለ 2.8 ሊትር ናፍታ ሞተር አሮጌ ቶዮታ ሂሉክስ ተርቦ የለውም፤ ኃይሉም አዲስ ሳለ 90 የፈረስ ጉልበት ያህል ነበር። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከፍታ ከኃይሉ ከአሥር እጅ አንዱን ያህል ስለሚያጣ፣ በደጋው በ2400 ሜትር ላይ የሚቀረው ከ70 ብዙም አይርቅም። ውሃም በዚያ ከፍታ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የማይዝ እንደ ሆነ ሸክም የያዘው ሞተር በዳገት ላይ ይፈላና ቴስታታው ይጣመማል፤ የአንድ ክዳን ዋጋ ከቴስታታ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ጉልበት ያነሰ ከመሰለ የዲፈረንሺያሉን ጥርስ መለወጥ ሞተር ከመለወጥ ይሻላል። ከ3.9 ወደ 4.5 ቢለወጥ በጎማው ላይ ያለው ጉልበት በ15 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ለጉተታ ግን ፍጥነት አያስፈልግም። መኪናው በአራቱም ጎማ የሚነዳ ከሆነ የፊቱና የኋላው ዲፈረንሺያል አብረው ይለወጡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይሄዳል። መኪናውና ተሳቢው በአንድነት 3000 ኪሎ ቢመዝኑ፣ 1000 ሜትር ሲወርዱ የሚለቁት ኃይል ወደ 100 ሊትር የሚጠጋ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ከፊሉን ነፋሱና ሞተሩ ይወስዱታል፤ የቀረው ሁሉ በፍሬን ሸራና በታምቡር ላይ ይወድቃል። ሸራው ከልክ በላይ የጋለ እንደ ሆነ መያዙን ይተዋል። የፍሬን ዘይቱም በዕድሜ ብዛት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ እስከ 230 ዲግሪ መፍላት የለበትም፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 155 ብቻ ነው። ያን ጊዜ ፔዳሉ ያለ ምንም ተቃውሞ ወለሉን ይነካል።

ስለዚህ ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ፤ ቁልቁለቱም ከመጀመሩ በፊት፣ ከላይ ሳሉ፣ ዝቅተኛ ማርሽ ገብቶ ሞተሩ እንዲይዝ ይደረግ። በመካከል ማርሽ ለመቀነስ ሲሞክሩ ማርሹ አልገባ ብሎ መኪናው ያለ መያዣ ሊቀር ይችላል። ተሳቢውም የራሱ ፍሬን ሊኖረው ይገባል። በአውሮፓ ሕግ ከ750 ኪሎ በላይ የሚመዝን ተሳቢ ያለ ፍሬን አይፈቀድም፤ መንገዳቸው ከእኛ ይልቅ ሜዳ ለሆነው ይህ ካስፈለገ፣ ለደገኛው አገር ምን ያህል ይበልጥ እንደሚያስፈልግ ግልጽ ነው። ተሳቢው መኪናውን ሲገፋ በራሱ የሚይዘው ፍሬን ዋጋው ርካሽ፣ ሥራውም ቀላል ነው፤ ሆኖም በረጅም ቁልቁለት ሳያቋርጥ ስለሚይዝ ይግላል፣ ነጂውም በየመሐሉ ቆሞ ያቀዝቅዘው።

ጭነቱ ሲቀመጥ ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በመጎተቻው ኳስ ላይ ይረፍ፤ ለ1200 ኪሎ ተሳቢ ከ120 እስከ 180 ኪሎ መሆኑ ነው። ክብደቱ ወደ ኋላ ያዘነበለ እንደ ሆነ ተሳቢው እንደ እባብ ይወዛወዛል፣ መኪናውንም ይዞት ይሄዳል። የኳሱም ልክ ይረጋገጥ፤ ለ50 ሚሊ ሜትር የተሠራ አፍ በ47.6 ሚሊ ሜትር ኳስ ላይ ሲቀመጥ የተያዘ ይመስላል፣ ጉድጓድ ሲያገኘው ግን ይዘላል። ለዚህም ሁለት ሰንሰለት ከመጎተቻው ሥር ተጠላልፎ ይታሰር፤ ግንኙነቱ ቢለቅ የተሳቢው አንገት መሬት ሳይነካ በሰንሰለቱ ላይ ያርፋል።

በተሳቢ ላይ ሰው መጫን ፈጽሞ መከልከል አለበት። በመከር ጊዜ ሠራተኞችን በመውቂያው ላይ አስቀምጦ መሄድ እንደ ቸርነት ሊቆጠር ይችላል፤ ይህን ማስቀረት ግን የአስተዳዳሪው ሥልጣንና ግዴታ ነው። የተለወጠውም መኪና ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት ለተሽከርካሪ መርማሪዎች ይቅረብ።

መጀመሪያ ሲሞከር በግማሽ ጭነት፣ በአጭር ቁልቁለት ይሁን። ከታች ሲደርስ ነጂው ታኮ አድርጎ ይውረድና በእያንዳንዱ የጎማ እምብርት ላይ ጥቂት ውሃ ያንጠባጥብ። ውሃው ጢስ ብሎ የሚተን ከሆነ ወይ ፍሬኑ ይጣበቃል፣ ወይ ኩሽኔታው ጠብቋል፤ አንዱ ጎማ ብቻ ቀዝቅዞ ከተገኘ ደግሞ በዚያ በኩል ያለው ፍሬን አይሠራም ማለት ነው። ሁሉም እኩል ለብ እስኪሉ ድረስ ሙሉው ጭነት አይጫን።