ጎተራን ከአይጥ ስለ መጠበቅ

ገበሬ አርሶ፤ አርሞ፤ አጭዶና ወቅቶ እህሉን ጎተራ ካስገባ በኋላ ድካሙ ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን እህሉ ጎተራ ከገባበት ቀን ጀምሮ ሳያርስና ሳይዘራ የሚካፈል ሌላ ተመጋቢ ይመጣል፤ እርሱም አይጥ ነው። ስለዚህ አይጥን ከጎተራ ማገድ የሚቻልበትን መንገድ ከዚህ ቀጥሎ እንገልጽላችኋለን።

አይጥ የሚያደርሰው ጉዳት

አስቀድመን ጉዳቱን በሒሳብ እንመልከተው። አንድ ትልቅ አይጥ በቀን እስከ 25 ግራም እህል ይበላል። ይህ ጥቂት ስለ ሆነ ማንም ከቁም ነገር አይቈጥረውም። ነገር ግን 20 አይጦች በቀን ግማሽ ኪሎ ይበላሉ፤ ከጥር እስከ ሰኔ ባሉት 180 ቀኖች ውስጥ ደግሞ 90 ኪሎ ይሆናል። ይኸውም አንድ ኩንታል ሊሞላ 10 ኪሎ ብቻ የጎደለው እህል ማለት ነው። ይህ እህል በሐምሌና በነሐሴ፤ ጎተራ በሚራቈትበት ወራት፤ ለቤተ ሰብ ቀለብ በሆነ ነበር። ከዚህም ሌላ አይጥ የተረፈውን እህል በሽንቱና በዓይነ ምድሩ ያበላሻል፤ በሽታም ያስተላልፋል።

መርዝ ብቻውን ስለማይበቃ

ብዙ ሰው አይጥ ሲበዛበት መርዝ ለመግዛት ይቸኩላል። ሆኖም ሴት አይጥ ከፀነሰች በሦስት ሳምንት ያህል ጊዜ ብዙ ልጆች ትወልዳለች፤ ልጆቿም በጥቂት ወራት ውስጥ ለመውለድ ይደርሳሉ። አሥር ብትገድሉ የቀሩት ተዋልደው፤ ከማሳና ከጎረቤት የሚመጡትም ተጨምረው ቦታውን ይሞሉታል። ምግቡና መግቢያው እስካሉ ድረስ ግድያው ማብቂያ የለውም።

መርዙም የሚጐዳው አይጥን ብቻ አይደለም። ዚንክ ፎስፋይድ የተባለው ጥቁር ዱቄት ዶሮን፤ ድመትንና ሕፃንን ይገድላል፤ ማርከሻም የለውም። ያን ጊዜ ነገሩ «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» እንደሚባለው ይሆናል። እንዲሁም ለነቀዝ የሚሸጠው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ኪኒን የሚያወጣው ጋዝ የተኛ ሰው ስለሚገድል፤ ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥ ከቶ አይደረግም።

እንግዲህ ዋናው ዘዴ አይጥን ከመግደል ይልቅ እንዳይገባ መከልከል ነው።

አይጥ የማይገባበት ጎተራ አሠራር

1ኛ/ ጎተራው ከምድር ከፍ ይበል። አይጥ ወደ ላይ 80 ሳንቲሜትር ያህል መዝለል ይችላል። ስለዚህ የጎተራው ወለል ከምድር ከ1 ሜትር ወይም ከሁለት ክንድ ማነስ የለበትም። በጥቂት ድንጋዮች ላይ ብቻ የተቀመጠ ጎተራ ለአይጥ ደጁ ክፍት ነው።

2ኛ/ በእያንዳንዱ እግር ላይ ቆርቆሮ ይደረግ። ከፍታው ብቻውን አይበቃም፤ አይጥ በእንጨት ላይ ይወጣልና። ቆርቆሮውን እንደ ተደፋ ማንቈርቈሪያ አፍ አጥፋችሁ፤ ሰፊው ወገን ወደ ታች ሆኖ፤ ከወለሉ በታች በምስማር ምቱት። ከእንጨቱ ዙሪያ ቢያንስ 25 ሳንቲሜትር ይውጣ። በቆርቆሮውና በእንጨቱ መካከል ክፍተት እንዳይኖር ተጠንቀቁ።

3ኛ/ መሸጋገሪያ አትተዉለት። ጎተራው ከግድግዳ፤ ከአጥርና ከዛፍ ቅርንጫፍ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ። በሥሩ እንጨትና ገለባ አይከመር፤ ሣሩም ይታጨድ። መሰላሉን እህል ካወጣችሁ በኋላ ወዲያው አንሡት፤ ተደግፎ ያደረ መሰላል ቆርቆሮውን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

4ኛ/ ቀዳዳ ሁሉ ይደፈን። ትንሿ የቤት አይጥ እርሳስ በሚያስገባ ቀዳዳ ታልፋለች። የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜ ልኩን ስለሚያድግ ጭቃና እንጨት ይፍቃል። ስለዚህ ቀዳዳውን በጠጠርና በወንፊት ሽቦ ጠቅጥቃችሁ፤ ከዚያ በኋላ በጭቃና በእበት ምረጉት። ክዳኑ ከጎተራው አፍ ጋር በደንብ ይግጠም።

እህል በቤት ውስጥ ለምታስቀምጡ

ከረጢቱን በርብራብ ላይ፤ ከግድግዳ ግማሽ ሜትር አርቃችሁ ደርድሩት፤ በስተኋላው መመልከት እንድትችሉ ነው። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ነቀዝን በመከላከል ረገድ ጥሩ ነው፤ አይጥን ግን አይመልስም። አይጥ ከበሳው አየር ይገባና ነቀዙም ይራባል። የብረት ጎተራ መግዛት የሚችል ሰው እህሉን ከአይጥ ያድናል፤ ነገር ግን እህሉ ሳይደርቅ ከገባበት ይሻግታል።

የሥራው ጊዜ

ይህ ሥራ የሚመቸው ጎተራው ባዶ ሳለ፤ መኸር ሳይሰበሰብ በጥቅምት ነው። ከዚያም በኋላ በየሳምንቱ ማታ በጎተራው ሥር አመድ ነስንሳችሁ ጧት ተመልከቱ። የአይጥ ዱካ ከታየ የሚመጣበትን አቅጣጫ ተከትላችሁ መግቢያውን ፈልጉ። የሞተ አይጥ ብታገኙ በባዶ እጃችሁ አትንኩት፤ በአካፋ አንሥታችሁ ቅበሩት።

የልማት ሠራተኞችም በየቀበሌው ቢያንስ አንድ ጎተራ በዚህ ዓይነት ከገበሬዎች ጋር ሠርታችሁ አሳዩ። አንድ ገበሬ ብቻውን ጎተራውን ቢያጠብቅ አይጡ ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል፤ መንደሩ በአንድነት ቢሠራ ግን የሚበላው አጥቶ ቍጥሩ ይቀንሳል። ለአራት እግር የሚያስፈልገው ቆርቆሮና ምስማር ዋጋው በአንድ ዓመት ከሚጠፋው እህል ዋጋ ያነሰ ስለ ሆነ፤ ሥራውን ለከርሞ አታሳድሩት።