ኤስ፣ 9፣ ሐይቅ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ አንድ ወጣት ለአሣ ነጋዴዎች የሠራውን ድረ ገጽ ሊያሳየኝ ላፕቶፑን ከፈተ። ሰንጠረዡ ደስ ይላል፤ ቆሮሶው፣ አምባዛው፣ ዋጋው ሁሉ በየዓምዱ ገብቷል። «የሚደርስባቸው ከተሞች» በሚለው ዓምድ ሥር ግን ይህ ተደርድሯል፤ የላቲኖቹን ፊደላት በስማቸው ልጻፋቸው፦

ኤ:3:{አይ:0;ኤስ:6:"ደሴ";አይ:1;ኤስ:9:"ሐይቅ";አይ:2;ኤስ:9:"ውጫሌ";}

«ጋሼ፣ ዳታቤዙ አማርኛ አልስማማው አለ» አለኝ። ይህን አባባል ስንቴ ሰማሁት! በሰማሁት ቁጥርም ይከነክነኛል። ዳታቤዙ አማርኛውን አንዲት ፊደል ሳያጎድል ይዞታል። ወጣቱ ያየው ብልሽት ሳይሆን ያልተፈታ ጥቅል ነው።

ነገሩ ቀላል ነው። ሦስት ከተሞችን በአንድ የዳታቤዝ ሳጥን ማስቀመጥ የፈለገ ፕሮግራም ዝርዝሩን ወደ አንድ ጽሑፍ ይጠቀልለዋል፤ ሴሪያላይዝ ማድረግ የሚባለው ይህ ነው። ፒኤችፒ የራሱ አጠቃለል አለው፣ ወርድፕረስም ብዙ ቅንብሮቹን በዚያው መንገድ ያስቀምጣል። ሌላው የታወቀ አጠቃለል ጄሰን ነው። ለአንባቢ ከመቅረቡ በፊት ጥቅሉን መፍታት የፕሮግራሙ ሥራ ነው።

እኔን የሚማርከኝ ያ 9 ነው። «ኤስ» ጽሑፍ መሆኑን ይናገራል፣ ቁጥሩ ርዝመቱን። «ሐይቅ» ሦስት ፊደል ሆኖ ሳለ 9 የተባለው ቁጥሩ ፊደል ስለማይቆጥር ነው፤ የሚቆጥረው ባይት ነው። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፣ የላቲን ፊደል ግን አንድ። «ደሴ» 6 የሆነችውም በዚሁ ሒሳብ ነው። ፈቺው ፕሮግራም 9 ባይት ቆጥሮ መዝጊያውን ጥቅስ ካላገኘ ያቆማል። አንድ ሰው ዳታቤዙን በእጁ ከፍቶ «ሐይቅ»ን «ሐይቅ ከተማ» ቢያደርገውና ቁጥሩን ባይነካው፣ ትክክለኛው ርዝመት 19 ሆኗልና (ክፍት ቦታዋ አንድ ባይት ናት) ደሴና ውጫሌም አብረው ይጠፋሉ። የድረ ገጽ አድራሻን ከኤችቲቲፒ ወደ ኤችቲቲፒኤስ በጅምላ የሚተኩ ሰዎች ይህን አደጋ በየጊዜው ይጠሩታል። የጨመሩት አንዲት ፊደል ናት፤ ቅንብሩ ግን ከነጭራሹ አይነበብም። እባካችሁ፣ ጥቅሉን ሳትፈቱ ውስጡን አትነካኩ። መጀመሪያ ፍቱት፣ ከዚያ ለውጡት፣ መልሳችሁ ጠቅልሉት። ከማታውቁት ሰው የመጣን የፒኤችፒ ጥቅል ደግሞ ጨርሶ አትፍቱ፤ በውስጡ አደገኛ ነገር ሊሸሸግ ይችላል።

ጄሰን ሲሆን ስጋቱ ይብሳል፤ አንዳንዴ «ሐ» ራሷ ትሰወርና ወደ ግራ ያዘነበለ ጭረት፣ «ዩ»፣ ከዚያም 1210 ይታያል። «አማርኛው ተበላሸ» ተብሎ መረጃው ሲሰረዝ በዓይኔ አይቻለሁ። 1210 ግን የ«ሐ» የቤት ቁጥሯ ነው። የግዕዝ ፊደላት በ1999 እ.ኤ.አ. ለየፊደሉ ቁጥር ወደሚሰጠው ዩኒኮድ 3.0 ሲገቡ በፊደል ገበታው ተራ ነው የገቡት። ቀ 1240፣ ቁ 1241፣ ቂ 1242፣ ቃ 1243፣ ቄ 1244፣ ቅ 1245። ከዜሮ ስለሚጀምር ሳድሱ በ5 ይጨርሳል፤ ቄስ ትምህርት ቤት የቆጠረ ሰው ጣቱን እያጠፈ ሊከተለው ይችላል። የኔታ ያስቆጠሩን ገበታ በዓለም ኮምፒውተሮች ሁሉ ውስጥ ተራውን ጠብቆ መቀመጡን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል። ፒኤችፒ ከ5.4 ጀምሮ ፊደሉን እንዳለ አስቀምጥ ሲባል ይታዘዛል፤ አንዲት ምርጫ መጨመር ብቻ ነው።

ከተፈታ በኋላስ? እዚህ ላይ ብዙ ዴቨሎፐር ይቸኩላል። ከተሞቹን በአማርኛ ነጠላ ሰረዝ ለዩአቸው፦ ደሴ፣ ሐይቅ፣ ውጫሌ። አሥር ከሆኑ ሁለቱን ጽፋችሁ «ሌሎች 8» በሉ። እውነት ወይም ሐሰት የሚል ዋጋ «አዎ» ወይም «የለም» ይባል። ባዶ ቀን ዜሮ ሆኖ ከተቀመጠ አሣው ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. የተጠመደ ይመስላል፤ ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት ከ1970 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ነውና። እንዲህ ያለውን በሰረዝ ተኩት።

ለዓይን መጨነቅ አዲስ ነገር አይደለም። በ4ኛው መቶ ዘመን የቂሣርያው አውሳብዮስ አራቱን ወንጌላት በቁጥር ከፋፍሎ፣ በማቴዎስ ያለው ክፍል በማርቆስ፣ በሉቃስ፣ በዮሐንስ የት እንደሚገኝ በ10 ሰንጠረዦች ደረደረ። የእኛ ጸሐፍት ከአባ ገሪማ ወንጌሎች ጀምሮ እነዚያን ቁጥሮች በአምድና በቅስት መካከል አስገብተው፣ በቀለም አስጊጠው አቀረቧቸው። ቅስቱ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ዓይን ከቁጥር ወደ ቁጥር ሲሻገር ረድፉን እንዳይስት ይይዘዋል።

ወጣቱ ጥቅሉን ሲፈታ ሁለት መስመር ኮድ ብቻ በቃው። ቀጥሎ ሰንጠረዡን በ«ሀይቅ» ፈለገና ምንም አላገኘም። ለኮምፒውተር ሀ 1200፣ ሐ 1210 ናቸው፤ ሁለት የተለያዩ ፊደሎች። ከፍለጋው በፊት ሀን፣ ሐን እና ኀን ወደ አንድ የሚያመጣ መስመር ጨመርን፤ የሚታየውን ጽሑፍ ግን በ«ሐ» እንደተጻፈ ተውነው። ከተሞቹንም ከጥቅሉ አውጥተን በራሳቸው ሰንጠረዥ አስቀመጥናቸው፤ በየቀኑ የሚፈለግ ነገር ተጠቅልሎ መቀመጥ የለበትም።