በጥቅምት አንድ አጥንት፤ የደብረ ብርሃን ቤተ ሰብ ማዕድ በመፀው ወራት

ክረምቱ አልፎ ዐደይ አበባ መርገፍ ሲጀምር በደጋው አገር የሚገባውን ወራት ብዙ ሰው ያለ ስሙ ይጠራዋል። መስከረም በጠባ ቍጥር ጸደይ ገባ ማለት በዛሬው ንግግር የተለመደ ቢሆንም፤ በባሕረ ሐሳብ ቍጥር ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለው ዘመን መፀው ነው፤ ጸደይ የተባለውም የሚገባው መጋቢት 26 ቀን ነው። ባላገሩ ደግሞ የመፀውን መጀመሪያ ጥቢ ይለዋል። ይኸን ስም ማቃናታችን ስለዚሁ ወራት የቤት ማዕድ ጥቂት ለመጻፍ ስላሰብን ነው፤ ከባለ ባሕረ ሐሳቦች ጋራ ክርክር ለመግጠምስ ዕውቀቱም የለን።

አረንጓዴውን ሜዳ በመኪና መስኮት እየተመለከተ የሚያልፍ መንገደኛ በጥቅምት አገሩ ሁሉ የጠገበ ይመስለዋል። የቤት እመቤት ግን ከሜዳው ይልቅ ጎተራውን ታያለች። መስከረምና ጥቅምት አሮጌው እህል ወደ ማለቁ የተቃረበበት፤ አዲሱም ገና ከማሳው ያልተነሣበት ጊዜ ነው። የጎተራው ወለል መታየት በሚጀምርበት በዚያው ሰሞን እንግዳ ይበዛል፤ የመስቀል ወጪ ገና ከልብ አልወጣም፤ ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ ብርዱም እየበረታ ሲሄድ የትንሹም የትልቁም ሆድ ከወትሮው ይልቅ ይጠይቃል። በእንዲህ ያለ ወራት ትኩስና ጠንካራ ምግብ ሳያጣ የሚያድር ቤት የተገኘ እንደ ሆነ፤ በዚያ ቤት ከሐምሌ ጀምሮ እየሰፈረ የቆየ አንድ እጅ አለ ማለት ነው።

ይኸንን በቅርብ ያየነው በደብረ ብርሃን ከተማ ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍ ባለ ሜዳ ላይ የተቀመጠች፤ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የቈረቈሯት ከተማ ናት። ስሟም በዘመናቸው ከሰማይ ታየ ከተባለው ብርሃን የመጣ መሆኑ በታሪክ ይነገራል። በ1957 ዓ.ም. የብርድ ልብስ ፋብሪካ የተቋቋመባት መሆኑን ስናስብ፤ ቦታውን የመረጠው ሰው በጥቅምት ሌሊት አድሮባት ሳይሆን አይቀርም እንላለን። ዛሬ ፋብሪካውና ዩኒቨርስቲው ከተማዋን አስፍተዋታል፤ ሆኖም በዳር ያሉት ሰፈሮች የትንሽ ከተማ ጠባያቸውን አልለቀቁም፤ ጎረቤት ከጎረቤት ምጣድ ይዋሳል፤ በማን ቤት ምን እንደ ተሠራም ጢሱና ሽታው ለሰፈሩ ሁሉ ያወራል።

የብርዱ ነገር እንዲህ ነው። ክረምቱን እንደ ክዳን ሸፍኖ የኖረው ደመና በጥቅምት ይገፈፋል። ምድር ቀን ከፀሐይ የተቀበለችው ሙቀት ሌሊቱን ወደ ጠራው ሰማይ እየወጣ ያልቃል፤ ነፋስም ጸጥ ያለ እንደ ሆነ ከባዱ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ እየወረደ ይተኛል። ስለዚህ ውርጭ በወረደ ጊዜ አስቀድሞ የሚያቃጥለው በወንዝ ዳርና በረባዳ ያለውን አዝመራ ነው፤ ተዳፋቱ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ይኸን የአየር ነገር ለምን እንደ ጻፍነው ወዲያው ይታያል።

ባረፍንበት ቤት አባወራው በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ፤ ባለቤታቸውም መምህርት ናቸው፤ ሦስት ልጆች አሏቸው። ታላቂቱ በአዲስ አበባ የምትማር ስትሆን በዚያ ሰሞን ለጥቂት ቀናት መጥታ ነበር። የጎተራውንና የጓዳውን ቁልፍ የያዙት ግን የልጆቹ አያት፤ የአባወራው እናት ናቸው። እህላቸው ግማሹ ከገበያ ይገዛል፤ ግማሹም በከተማው ዳር ወደ በሬሳ ወንዝ ከሚያዘቀዝቅ፤ ከአባት ከቆየ፤ በእኩል ከሚታረስ ማሳ ይገባል። የማሳው ላይኛው ክፍል ተዳፋት፤ ታችኛው ረባዳ ነው፤ በዚያ ዓመት ሁለቱም ባቄላ ነበሩ።

በደረስንበት ማታ በምድጃው ዙሪያ የነበረው ጨዋታ ስለ ባቄላው እሸት ነበር። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እየሸመጠጡ መብላት ጀምረው ኖሮ አባወራው ደስ አላላቸውም። «ዛሬ በእሸትነቱ ያለቀው አንድ ቁና ደርቆ ቢገባ ለነቢያት ጾም ሽሮና ሥልጆ ይሆን ነበር፤ እሸት ሆድ ይሞላል እንጂ አይከርምም» አሉ። ይኸ ንግግራቸው ከንፍገት የመጣ አልነበረም፤ እሸት ብዙው ነገሩ ውሃ ስለ ሆነ በደረቀ ጊዜ የሚቀረውን ልዩነት የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚለው ነው።

እናታቸው በዚህ ጊዜ ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ደጅ ወጡ፤ ጥቂት ቆይተውም ተመለሱና፤ «ልጄ፤ ከዋክብቱን አየሃቸው? ነፋሱም ቆሟል። የታችኛውን ቶሎ ካላነሣነው ውርጭ ይበላዋል፤ ውርጭ ደግሞ ሲበላ ለማንም አያካፍልም» አሉ። አባወራው ባለፉት ሁለት ዓመታት በዚህ ሰሞን ውርጭ እንዳልወረደ ተናገሩ። እመቤቲቱ እስከዚህ ድረስ የተማሪዎቻቸውን ደብተር ሲያርሙ ቆይተው ነበር፤ ቀና ብለውም፤ «እማማ፤ የታችኛው ይነሣ፤ የላይኛው እስኪደርቅ አይነካ። ልጆቹም ከላይኛው አንዲት ፍሬ እንዳይቀጥፉ እርስዎ ይቆጣጠሩልን። ነገር ግን ማሳው የእኛ ብቻ አይደለም፤ አራሹ ሳይጠየቅ እጅ አናስገባም» አሉ። እንዲህም ተቆረጠ። አራሹ ሲነጋ መጥቶ ነገሩን በሰማ ጊዜ እርሱም ሌሊቱን ሰማዩን ሲያይ እንዳደረ ነገራቸው።

ቀኑን ሙሉ ከቤት ልጆችና ከአራሹ ቤተ ሰብ ጋራ ሲለቀም ዋለ፤ የተለቀመውም እኩል ተካፈለ። በዚያ ሌሊት ግን ውርጭ አልወረደም። አባወራው በቁርስ ሰዓት አንዲት ቃል አልተናገሩም፤ ዝምታቸው ግን በደንብ ይሰማ ነበር። ባልቴቷም ዝም ብለው እሸት ይፈለፍሉ ነበር። በማግሥቱ ሌሊት ወረደ። ስንነሣ የግቢው ሣር ነጭ ሆኖ ከእግራችን በታች ይንኮሻኮሻል፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ወደ ማሳው ወረድን፤ በታችኛው ክፍል የቀረው አገዳ ሁሉ የፈላ ውሃ እንደ ፈሰሰበት ጠውልጎ ጠቁሮ ነበር። ተዳፋቱ ግን አረንጓዴ እንደ ሆነ ቆሟል። ከወንዙ ማዶ ሁለት ጎረቤቶች ገና ያልለቀሙት ባቄላ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶባቸዋል። አባወራው ይኸን ተመልክተው ሲመለሱ ለእናታቸው ምንም ሳይሉ አንድ ቁምጣ ኩበት ከደጅ አንሥተው ወደ ማድቤት አስገቡላቸው፤ በዚያ ቤት ይኸ እንደ ይቅርታ ተቆጠረ። ከሰዓት በኋላም ባልቴቷ ሁለት እንቅብ እሸት ወደ ማዶ ላኩ።

ስለ ኩበት ካነሣን፤ በዚያ አገር የማዕዱ ጣዕም በእሳቱ ላይ መሆኑን መናገር ይገባናል። በክረምት ኩበቱ እርጥብ ነው፤ ጢሱ ዓይን ያጠፋል፤ ወጥም ሳይበስል ይመሻል። በጥቅምት ፀሐይ ግን በየግድግዳው ተለጥፎ ደርቆ ሲነሣ፤ ነበልባሉ ትንሽ፤ ፍሙ ግን ረጅም ሰዓት የሚቆይ እሳት ይሆናል። ይኸ እሳት ለጥብስ አይመችም፤ ለአጥንት ግን ከእርሱ የሚሻል አላየንም።

አጥንት ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው አነጋገር በአገራችን የታወቀ ነው፤ በዚህ ብርድ ወራት ድኻም ቢሆን ጥቂት ሥጋ ሊቀምስ ይገባዋል ለማለት ነው። የዚያ ቤት አጥንት የመንዝ በግ ነበር፤ አካሉ ትንሽ፤ ጠጕሩ ሸካራ፤ ላቱ የሰባ። ቅልጥሙና ጎድኑ በቀዝቃዛ ውሃ ተጥዶ አረፋው እየተገፈፈ ከጠዋት ጀምሮ በዝግታ ሲፈላ ዋለ። ሽንኩርቱ፤ ነጭ ሽንኩርቱ፤ ዝንጅብሉና እርዱ የገቡት አጥንቱ መልቀቅ ሲጀምር ነው። ወደ ማታ ሁለት ጊዜ የተላጠው የባቄላ እሸት ተጨመረበት፤ ይኸውም መረቁን አወፈረው፤ መልኩንም ከቢጫ ወደ ለጋ አረንጓዴ መለሰው። በመጨረሻ ቃሪያና ጥቂት ለጋ ቅቤ ገባበት። ከገብስና ከጤፍ በተቀላቀለ እንጀራ ላይ ሲፈስ የነበረውን ዝምታ ልንገልጸው አንችልም፤ ከትንሹ ልጅ በስተቀር ቀና ብሎ ያየ አልነበረም፤ እርሱም ቀና ያለው ቅልጥሙ ለማን እንደሚደርስ ለማረጋገጥ ነው። ለእንግዳ ደረሰ፤ እኛም ለልጁ አስተላለፍንለት።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ይኸን ሁሉ የሠሩት ባልቴት አንዲት ጉርሻ አለመቅመሳቸው ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን የጽጌን ጾም ይጾማሉ፤ የፈቃድ ጾም ስለ ሆነም በቤተ ሰቡ ላይ አይጭኑትም። የቅቅሉን ጨው ለማወቅ የልጅ ልጃቸውን ጠርተው ያስቀምሷታል፤ እርስዋ ገና ሳትናገር ግን ከፊቷ አንብበው ያበቃሉ። ጠዋትም የገብስ ገንፎውን እያማሰሉ፤ መካከሉን ጎድጎድ አድርገው፤ ሣር በጠገበች ላም ቅቤና በበርበሬ ይሞሉና ከዳር ተቀምጠው ልጆቹ ከጫፍ እየቆረጡ ሲያጠቅሱ ይመለከታሉ። የእርሳቸው ማዕድ በሶና ሥልጆ ነበር።

ይኸ ሥልጆ የታላቂቱን ልጅ ልብ ወሰደው። በአዲስ አበባ ለብቻዋ በምትኖርበት ክፍል ለረቡዕና ለዓርብ የሚሆናትን ልትሠራ ስለ ፈለገች ደብተር ይዛ ከአያቷ ጎን ተቀመጠች። ካለፈው ዓመት ከቀረው ባቄላ ጥቂት ተቆልቶ፤ ተከክቶ፤ ተፈጭቶ ነበር። ባልቴቷ የሱፉን ውሃ አፈሉና ዱቄቱን እየነሰነሱ ማማሰል ጀመሩ። «ስንት ነው እማማ?» ብትላቸው፤ «አምስት እፍኝ» አሉ። «የማን እፍኝ?» አለች። ባልቴቷ እጃቸውን ዘርግተው አዩት፤ ከዚህ በፊት ማንም ጠይቋቸው የሚያውቅ አይመስልም። ልጅቱም ከጎረቤት ሱቅ ሚዛን አስመጥታ የአያቷን እፍኝና የእርስዋን እፍኝ እየመዘነች ልዩነቱን ጻፈች። የሰናፍጩን፤ የነጭ ሽንኩርቱን፤ የዝንጅብሉን፤ የጤና አዳሙን ልክ ሁሉ እንዲሁ ጻፈች። ይኸ ሥራ እንዳስደሰተን አንሸሽግም። ብዙዎቻችን ከወላጆቻችን ቤት በሥራ ምክንያት ርቀን ስንኖር የበጉን ዋጋ እናውቃለን፤ የወጡን አሠራር ግን ለማን እንደ ተውነው አናውቅም።

በኅዳር ወር መጨረሻ፤ የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ፤ ወደዚያው አገር ስናልፍ እንደ ገና ጎራ ብለን ነበር። የላይኛው ባቄላ ደርቆ ገብቶ አራሹም ቤቱም ድርሻቸውን ይዘዋል፤ አባወራው የጠበቁትን ያህል ባይሆንም እስከ ፋሲካ ያደርሰናል ይላሉ። ማዶ ያሉት ጎረቤቶች ለዘር የሚሆናቸውን ከዚሁ ቤት በብድር ወስደዋል፤ የሚመልሱትም በሚመጣው ዓመት አዝመራ ነው።

የልጅቱ ሥልጆ ግን ተበላሽቶ ነበር። ልኩን አንዲት ፍሬ ሳታጓድል ብትሠራውም ሰናፍጩ አልተሰማም፤ መፍላትም አልፈላም። በስልክ ለአያቷ አቤት ስትል ባልቴቷ ጥቂት አሰቡና፤ «ሰናፍጩን ከምድጃ እንዳወጣሽው ጨመርሽው?» ብለው ጠየቁ። አዎን አለች። ትኩስ ነገር የሰናፍጭን ኃይል እንደሚገድለው፤ ገንፎው በእጅ ሲዳሰስ ቀዝቃዛ እስኪሆን መቆየት እንዳለበት በደብተሩ አልተጻፈም ነበር፤ ባልቴቷ በዚያን ቀን ድስቱን ከድነው ለሰዓታት ወደ ሌላ ሥራቸው ስለ ሄዱ፤ ልጅቱም ያን ጊዜ እንደ ዕረፍት ቆጥራ ብዕሯን አስቀምጣ ነበር።

በኋላ በአዲስ አበባ ስናገኛት ሁለተኛውን ድስት በሰባተኛው ቀን ከፍታ እንደ ቀመሰችውና ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ነገረችን። ናፍቆት ነዋ ብንላት፤ የለም፤ ሰናፍጩ ነው አለችን።