ወደ አከርካሪ አጥንት የተዛመተ ካንሰር ሕመም፦ የአጥንት ሲሚንቶና የጨረር ሕክምና

በኖፓም ሆነ በሌሎች የኢሉባቦር ከተሞች በጤና ጣቢያ የሚሠራ ባለሙያ ጀርባዬን አመመኝ የሚሉ ብዙ ታካሚዎችን ያያል። አብዛኞቹ ሕመማቸው ቀላል ነው። ሆኖም ቀደም ሲል የጡት፣ የፕሮስቴት ወይም የሳንባ ካንሰር የተገኘበትን ሰው ጀርባው ሲያመው፣ በተለይም ሕመሙ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣ ከሆነ፣ ካንሰሩ ወደ አከርካሪ አጥንት መዛመቱን መጠርጠር ይገባል። የአከርካሪ ቲቢም ተመሳሳይ ምልክት ስላለው መለየት ያሻል። በራጅ ሲታይ ቲቢ ብዙውን ጊዜ በአከርካሪዎች መካከል ያለውን ዲስክ ይጎዳል፤ ካንሰር ግን በአብዛኛው ዲስኩን ሳይነካ አጥንቱን ያፈርሳል።

ሕመሙ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው ከዕጢው የሚነሣው ሲሆን በዕረፍት ጊዜም አይለቅም። ሁለተኛው የተቦረቦረው አጥንት ክብደት መሸከም ሲያቅተው የሚፈጠረው ነው፤ ይህ ሲቆሙ ይብሳል፣ ሲጋደሙ ይቀላል።

ለመጀመሪያው ዓይነት የሚመረጠው የጨረር ሕክምና ነው። በአንድ ጊዜ የሚሰጥ 8 ግሬይ ጨረር በብዙ ቀናት ተከፋፍሎ ከሚሰጠው እኩል ሕመም ያስታግሳል፤ ከሩቅ ለሚመጣ ታካሚም ምልልሱን ያስቀርለታል። ይሁንና ሕመሙ በኋላ ተመልሶ ድጋሚ ጨረር የሚያስፈልጋቸው በአንድ ጊዜ ከታከሙት መካከል ይበዛሉ። እፎይታው የሚገኘው ከቀናት እስከ ሳምንታት ባለው ጊዜ ውስጥ በመሆኑ እስከዚያው ሞርፊንን ከሆድ ማለስለሻ ጋር መስጠት ያስፈልጋል።

ጨረር የደቀቀውን አጥንት ወዲያው አያጠነክርም። ይህን የሚሞላው እ.ኤ.አ. በ1984 በፈረንሳይ የተጀመረው የአጥንት ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶው በራጅ እየታየ በመርፌ ወደ አከርካሪው ይገባል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ደርቆም አጥንቱን ይደግፋል። ወደ ሕብለ ሠረሠር ወይም በደም ሥር ወደ ሳንባ ሊፈስ ስለሚችል የሠለጠነ እጅ ይሻል። ካንሰሩን የሚያክመው ሲሚንቶው ስላልሆነ ጨረር ይከተለዋል።

ለረዥም ዓመታት በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ የነበረው የጨረር ሕክምና ዛሬ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልም ይገኛል፤ ከኢሉባቦር በበደሌና በአጋሮ በኩል ይደረስበታል።

የእግር መድከም፣ መደንዘዝ ወይም የሽንት መታገድ ከታየ ግን ሕብለ ሠረሠር መጨፍለቁን ያመለክታል። ካንሰሩ በታወቀ ታካሚ ዴክሳሜታሶን ጀምሮ በዚያው ዕለት ማስተላለፍ ይገባል። እየተራመደ የደረሰ ታካሚ አብዛኛውን ጊዜ መራመዱን ይቀጥላል፤ እግሩ ከሰለለ በኋላ የደረሰ ግን መልሶ የመቆም ዕድሉ አነስተኛ ነው።