የኦሞራቴ ታንኳ ፊት

ኦሞራቴ ከተማ፣ ኦሞ ወንዝ ዳር ለቆመ ሰው ዓይን የሚስበው የዳሰነች ሕዝብ ታንኳ ነው። ጠባብና ረጅም ሲሆን ከአንድ ወጥ ግንድ ተፈልፍሎ ይሠራል፤ ሳንቃ ከሳንቃ የተገጠመበት ቦታ የለውም።

ፈተናው ፊቱ ላይ ነው። ውሃውን ቀድሞ የሚገጥመው እሱ ስለሆነ፣ ዱልዱም ከሆነ ውሃ እየገፋ ቀዛፊውን ያደክማል፤ ከመጠን በላይ ከሳሳ ደግሞ ዳርቻውን ሲመታ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ግንዱ ግራና ቀኙ እየተጠረበ ወደ ጫፉ ይጠባል። አንዴ አጉል የተቆረጠ እንጨት መመለሻ የለውም። ይህን ሁሉ ያለ ንድፍ በዓይን ለክቶ ማውጣት ትልቅ ሙያ ነው።

ከእንጨት የባሕር መርከብ የሚሠሩ ሰዎች መንገድ ሌላ ነው። ከፊት ወፍራም ቋሚ እንጨት ያቆማሉ፤ ጎንና ጎኑ ላይ ቦይ አውጥተው የሳንቃዎቹን ጫፍ እዚያ ውስጥ ይሰካሉ። የእንጨት መርከብ ሞዴል የሚሠሩ ሰዎችም ብዙ የሚደክሙት እዚሁ ጋ ነው፦ ቀጭኑን ሳንቃ ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፉታል፣ ቀስ ብለው ያጎብጡታል፣ ጫፉን አጥብበው ይገጥሙታል።

ጣና ላይ ደግሞ እንጨቱ ቀርቶ ደንገል ይታሰራል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. አትላንቲክን ለማቋረጥ የተነሳባት «ራ» የተባለች ጀልባ የተሠራችው ከጣና በሄደ ደንገል ነበር።

የኦሞራቴው ታንኳም ትኩረት ይገባዋል። ጂንካ የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና የምርምር ማዕከል አላት፤ የጠራቢዎቹ አሠራር ከግንዱ መረጣ ጀምሮ በፊልም ተቀርጾ፣ ከትንሽ ሞዴል ጋር እዚያ ቢቀመጥ ተማሪዎች ሙያውን ደረጃ በደረጃ ማየት ይችላሉ።